«የጅብ ዘር» የተባለው ቤት፦ ስለ አስፈሪ ቤተሰቦች ተረትና በውስጣቸው ስላለ ፍቅር



የዛሬው ንግግር ስለ ሁለት ቤቶች ነው። አንደኛው በአንድ አሜሪካዊ ሠዓሊ ብዕር በመጽሔት ገጽ ላይ የተሠራ ነው። ሁለተኛውን የሠራው አንድ ሰው አይደለም፤ በምድጃ ዙሪያ የተነገረ ተረት፣ በገበያ የተንሾካሾከ ሐሜትና ለልጅ የተሰጠ ማስፈራሪያ ተደማምሮ ነው ያቆመው። በሁለቱም ቤት የሚኖሩት ሰዎች ሌሊቱን የሚወዱ፣ መቃብር የማይፈሩ፣ ጎረቤት ልጁን ይዞ የሚሸሻቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ዓለምን አስቋል። ሁለተኛው ግን በእውነተኛ ሰዎች ላይ ተለጥፎ ትዳር አስቀርቷል፣ ልጅ አስለቅሷል። እነዚያ ሰዎች ሩቅ አይደሉም፤ እዚሁ አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ፣ ቀጨኔ ይኖራሉ።

ከሩቁ ቤት መጀመር ይቀላል። ቻርልስ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ጀርሲ ተወለደ። ከ1938 ጀምሮ «ኒው ዮርከር» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አንድ እንግዳ ቤተሰብ በሥዕል ያወጣ ጀመር። ቤታቸው የሸረሪት ድር ያለበሰው አሮጌ ግቢ ነው። እናቲቱ ጥቁር ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፤ አሽከሩ ከሬሳ ሣጥን የወጣ የሚመስል ቁመተ ረጅም ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት ስም እንኳ አልነበራቸውም። ስም የወጣላቸው በ1964 በቴሌቪዥን ሊቀርቡ ሲሰናዱ ነው፦ አባት ጎሜዝ፣ እናት ሞርቲሻ፣ ልጆቹ ዌንስዴይና ፐግስሊ፣ አጎት ፌስተር፣ አያት፣ አሽከሩ ለርች። ተከታታዩ በሁለት ዓመት ውስጥ 64 ክፍል ታየ። በ1991 እና በ1993 ፊልም ሆኑ፤ በ2022 ደግሞ ልጅቱ ዌንስዴይ ብቻዋን የራሷን ተከታታይ አገኘች። ዛሬ የአዲስ አበባ ወጣት ሁለት ጎን የተጎነጎነ ጥቁር ጸጉሯን ሲያይ ማን እንደሆነች ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም።

የዚህ ቤተሰብ ቀልድ ከምን ላይ ቆመ? ብዙ ሰው ከአስፈሪነታቸው ይመስለዋል። አስፈሪ ነገር ብቻውን ግን 64 ክፍል አያስኬድም። ቀልዱ የቆመው ከውጭ ሲታይ የአጋንንት ማደሪያ የሚመስለው ቤት ውስጡ ሲገባ ከሰፈሩ ቤት ሁሉ ይልቅ ፍቅር የሞላበት ሆኖ በመገኘቱ ላይ ነው። ጎሜዝ ሚስቱ አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ስትናገር መላ ይጠፋዋል፤ ከእጇ ጀምሮ እስከ ትከሻዋ ይስማታል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ «ደኅና» የሚባሉት ብዙዎቹ ባልና ሚስት የሚተኙት ለየብቻ አልጋ ላይ ነበር። አያቲቱ ወደ አረጋውያን መጦሪያ አልተላከችም። መላጣው አጎት ሥራ የለህም ተብሎ አይገፋም፤ ልጆቹ የፈለጉትን እብደት ቢሠሩ የሚሰማቸው አባት አላቸው።

የመጀመሪያው ክፍል ነገሩን በአንድ ትዕይንት ይጨርሰዋል። ዌንስዴይ ትምህርት ቤት ገብታ ውላ እያለቀሰች ትመለሳለች። ምን ሆንሽ ሲሏት፣ ለካ ባነበቡላት ተረት ውስጥ ፈረሰኛው ዘንዶውን በሰይፍ ገድሎታል። የሌላው ቤት ልጅ ለፈረሰኛው ያጨበጭባል፤ እሷ ለዘንዶው ታለቅሳለች። ወላጆቿም «ተረት ነው፣ ዝም በይ» አላሏትም፤ ሐዘኗን ሐዘናቸው አደረጉት። ዘንዶ በፈረስ ኮቴ ሥር ወድቆ የሚታይበትን ሥዕል በየቤቱ ግድግዳ እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ትንሽ ያስደነግጣል። የትዕይንቱ ጥያቄ ግን ግልጽ ነው፦ ተረቱን የነገረው ማን ነው? ዘንዶው ቤተሰብ ነበረው ወይ?

በ1991ዱ ፊልም ታማኝነታቸው ይፈተናል። አጎት ፌስተር ከጠፋ 25 ዓመት ሆኖታል። አንዲት አጭበርባሪ ልጇን «እሱ ነኝ» ብሎ እንዲገባ ትልከዋለች፤ የቤተሰቡን ሀብት ለመዝረፍ። ጎሜዝ ይጠራጠራል፣ ይመረምራል፤ ወንድሙን ማግኘት ይወዳልና መልሶ ያቅፈዋል። በተንኮል ከቤታቸው ተባርረው ተራ ማደሪያ ውስጥ ሲወድቁ ያቺ የምታስፈራ እናት ሥራ ፍለጋ ትወጣለች፤ ኋላም ብቻዋን ወደ ጠላቶቿ ትሄዳለች። በመጨረሻ ሐሰተኛው ፌስተር እውነተኛው ፌስተር ሆኖ ይገኛል። ወገኑ ማን እንደሆነ ከማወቁ በፊት ቤተሰቡ ወዶት ነበር።

ሁለተኛው ቤት የእኛው ነው።

ሮናልድ ረሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በመንዝ ተቀምጦ የሰማውን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሟል። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ የቡዳ አመጣጥ ተረት ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ከዕለታት አንድ ቀን እግዚአብሔር ልጆችሽን ሁሉ አሳዪኝ አላት። ሔዋን ሠጋች፤ ዐሥራ አምስቱን ደብቃ ዐሥራ አምስቱን ብቻ አሳየች። እግዚአብሔርም ያወቀባት መሆኑን ነግሯት የታዩትን ባረከ፣ የተደበቁትን ረገመ። ከተረገሙት ዘር ከመጡት መካከል የቡዳ ወገን አለ ይላል ተረቱ።

ይህን ተረት ሲያወሩ የኖሩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ያሉት አይመስልም። በዚህ ተረት መሠረት ቡዳ የተባለውና ቡዳ ባዩ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የመርገሙም መነሻ ክፋት አይደለም፤ አንዲት እናት ልጆቼን ይወስዱብኛል ብላ መፍራቷ ነው። ማስፈራሪያ ሆኖ የኖረው ታሪክ ከሥሩ ቢታይ እናት ልጆቿን ጓዳ የደበቀችበት ታሪክ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ተረቱ ይጨልማል። የቡዳ ቤት ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ዓይኑ ያረፈበትን ይበላል፤ የተበላው ሲሞትና ሲቀበር መቃብሩን ቆፍሮ ሬሳውን ያወጣል፣ ነፍስ ይዘራበታል፣ ቤቱ ወስዶ አሽከር ያደርገዋል። አሽከሩ ይሠራል እንጂ አይናገርም። የሟች ዘመድ በአጋጣሚ ወደዚያ ቤት እንግድነት ቢመጣ ባለቤቱ በበትር መታ አድርጎ ወደ ዕቃ ይለውጠዋል። እንግዳው አጠገቡ የተቀመጠው ዕቃ ወንድሙ መሆኑን ሳያውቅ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ለርችን እንደሣለ ሁሉ የአማርኛ ተረትም ከመቃብር የተነሣ ዝምተኛ አሽከር አለው።

ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በባለ እጆች፣ በብረትና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎችም ይህን ሰምተው ጽፈዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ማስታወሻው በ1831 ለንደን ላይ ሲታተም የጆሮ ጉትቻ ያደረገ ጅብ ወሬ ይዞ ወጣ፤ ጉትቻውም አንጥረኛው ጅብ ከመሆኑ በፊት ያደረገው ነው የሚባል ነበር። ማንስፊልድ ፓርኪንስም በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቡዳና ስለ ብረት ሠሪዎች በሰፊው አውርቷል። ሐጋር ሳላሞን የተባለች ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ቤተ እስራኤል ያሳተመችውን መጽሐፍ ርእስ ያደረገችው «የጅብ ሰዎች» የሚለውን ስም ነው፤ ጎረቤት ያወጣላቸው ስም እሱ ነበርና።

ለምን ብረት ሠሪ፣ ለምን ሸክላ ሠሪ? መልሱ ያን ያህል ምሥጢር አይደለም። በብዙ አካባቢ ባለ እጅ የርስት ባለቤት አልነበረም። ገበሬው ለማረሻው፣ ሚስቱ ለምጣዷ እጁን ይፈልጋሉ፤ እሱ ግን የመሬታቸው ተካፋይ አይደለም። መሬት የሌለው ሰው መሬት ያለውን ይመቀኛል የሚል ጥርጣሬ ከመሬት ባለቤቶቹ ልብ ወጣ። አንጥረኛው እሳት ላይ ብረት ያቀልጣል፣ ድንጋይ የነበረውን ማረሻ ያደርጋል፤ ሸክላ ሠሪዋ አፈር ቆፍራ፣ አቃጥላ ዕቃ ታወጣለች። ሥራቸው ለማያውቀው ሰው አስማት ይመስላል። በዚያ ላይ የሚጋቡት እርስ በርሳቸው ነው። ሌላው ሰው ልጁን አልድርላቸውም ካለ በኋላ «ለምን እርስ በርስ ብቻ ይጋባሉ?» ብሎ ደግሞ ጠረጠራቸው።

ቀጨኔ የጉለሌ ክፍለ ከተማ ሰፈር ነው፤ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያኑ ይታወቃል። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ፣ ኋላም አዲስ አበባ ላይ ከተማ ሲቆረቁሩ ቤት የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ሸክላ የሚያበጅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎንደርና ከሌላም ቦታ የመጡ ባለ እጆች በተራራው ሥር ሰፈሩ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ቤተ አብርሃም ብለው የአይሁድነት ሐረጋቸውን ይቆጥራሉ፤ ብዙዎቹ በኦርቶዶክስ ክርስትና ይኖራሉ። ከነሱ ምሥራቅ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳን የጥልፍና የሸማ ገበያ አደረጓት። አዲስ አበባ የምትለብሰውና የምትበላበት ዕቃ ለብዙ ዘመን ከዚህ ከጉለሌ ዳገት ነው የወረደው።

አሁን የዚህ ቤት በር ይከፈትና ወደ ውስጥ ይታይ። ሸክላ በቀጨኔ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይርሳል፣ እንደ ሊጥ ታሽቶ ይቦካል። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም፤ እጅ ብቻ ነው። ጀበና ስትሠራ መጀመሪያ ሆዱ ይወጣል፤ ጥቂት እስኪጠነክር ይቀመጥና አንገቱ ይቀጠላል፣ እጀታው ይገጠማል። ቸኩላ አንገቱን ብትቀጥል ሆዱ ይሰምጣል፤ ብትዘገይ ደርቆ አይያያዝም። ሴት ልጅ ይህን ሰዓት የምትለየው በቃል ተነግሯት አይደለም፤ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ የእናቷን ጣት እያየች ነው። ከዚያ በጠጠር ይለሰልሳል፣ በጥላ ይደርቃል፣ በእሳት ይቃጠላል። ጥቁሩ ጀበና ጥቁር የሚሆነው ገና ትኩስ ሳለ በጭስ ሲታፈን ነው። እሳቱ ውስጥ የተሰነጠቀ ዕቃ የቀናት ድካም ነው፤ ያን ኪሳራ የሚሸከመው ቤቱ በሙሉ ነው። ሸክሙን አዝላ ገበያ የምትወርደው አንዷ ከሆነች ልጆቿን የምትጠብቀው እህቷ ወይም አማቷ ናት።

ይህን ዕቃ የገዛችው የሌላ ሰፈር ባለትዳር ቤቷ ወስዳ ታሟሸዋለች። ምጣድ ከሆነ በጎመን ዘር አሽታ፣ አግላ፣ እንጀራው እስከማይዝባት ድረስ። ጀበና ከሆነ ቡናው ይፈላበታል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሦስቱ ስኒ ይጠጣል፤ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ቡና ላይ የቡዳ ወሬ ይነሣል። የሸክላ ሠሪዋን እጅ የሚፈራ ቤት የሠራችውን ዕቃ ከከንፈሩ አስጠግቶ ይጠጣል። ተረቱን ከዚህ በላይ የሚያጋልጥ ነገር የለም።

በትዳር ጊዜ ነገሩ ይከፋል። ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለሥጋ ዝምድና ብቻ ሳይሆን «አጥንቱ» ምን እንደሆነ ለማወቅም ነው። «ባለ እጅ ናቸው» የሚል ቃል ከመጣ ስንት የተዋደዱ ወጣቶች ነገር እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ቤተሰቡ ወደ ውስጥ ዞረ። ሙሽራም፣ ሚዜም፣ አስተዛዛኝም ከራሱ ወገን ሆነ። ይህን ታማኝነት ማሞገስ ይገባል፤ ግን ሌሎች ባቆሙት ግድግዳ ውስጥ የተወለደ መሆኑንም መርሳት አይገባም። የአዳምስ ቤተሰብ ብቻውን የሚኖረው ስለወደደ ነው። የቀጨኔው ቤተሰብ ብቻውን የኖረው በሩ ከውጭ ስለተዘጋበት ነው፤ ከዚያም ሲወጣ ሰፈሩን ለመደበቅ የተገደደ ልጅ አለው።

ተረቱ የበደለው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ጅቡንም ነው። ጅብ ዛሬም ሌሊት ከእንጦጦ ጫካ ወደ ጉለሌ ይወርዳል፤ ድምፁን ያልሰማ የሰፈሩ ልጅ የለም። ሐንስ ክሩክ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ዥንጉርጉሩ ጅብ ያሳተመው መጽሐፍ እንስሳው ሬሳ ለቃሚ ብቻ አለመሆኑን፣ ራሱ አድኖ የሚበላ መሆኑን አሳየ። ጅቦች በመንጋ ይኖራሉ፤ የመንጋው የበላይ ሴቷ ናት። ሴት ልጅ ከእናቷ መንጋ አትወጣም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከእናቷ፣ ከእህቶቿና ከአያቷ ጋር ትኖራለች። እናት ግልገሏን ከዓመት በላይ ታጠባለች። ሐረሮች ይህን ጎረቤት አልገፉትም፤ በአሹራ ቀን ገንፎ ያቀርቡለታል፣ በግንቡ መግቢያ ቀዳዳ ትተውለታል።

ወደ ሰዎቹ ስንመለስ፣ መንግሥትም ዝም አላለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው ሳይቀር በሙያቸው እየተሰደቡ እጅ ሥራ እንደተጠላና አገር እንደተጎዳ አዋጁ ዘርዝሮ፣ ተሳዳቢው እንዲታሰር ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ርስት አልባ ለነበረው ባለ እጅ በሕግ ዘንድ የመሬት መብት ሰጠ። አዋጅ ግን ምላስን ይቀጣል እንጂ ተረትን አይሽርም። ተረትን የሚሽረው ሌላ፣ የተሻለ ተረት ነው።

አማርኛ ያን የተሻለ ተረት መሥራት እንደሚችል በ1958 ዓ.ም. ታይቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያ ዓመት ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ከፊታውራሪ መሸሻ ዘመዶች አንዱ ካሣ ዳምጤ ነው። አገሩ ያበደ መስሎት «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። የዘር ክብርን ይጠይቃል፣ ልማዱን ይነቅፋል፣ ባላባቶቹ ይሸሹታል። ፍቅረኛሞቹ ሠብለ ወንጌልና በዛብህ ግን ምሥጢራቸውን ሊያምኑት የሚችሉት የቤተ ዘመድ ሰው እሱ ነው። ደራሲው እብድ የተባለውን ሰው ከውጭ አላሳዩንም፤ ወስደው አጠገቡ አስቀመጡን። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ትውልድ ጉዱ ካሣን የፈራው የለም፤ የናፈቀው ግን ብዙ ነው።

ስለ ቡዳ እስካሁን የተነገረው የአብዛኛው ታሪክ ባለቤት ከደጅ የቆመ ሰው ነው። ሌሊት ሲወጣ አየሁት ይላል፤ ቤት ገብቶ ግን አላየም። እናት ልጇን ስታስተኛ፣ ባል ከሚስቱ ጋር የተሰነጠቀ ጀበና ሲቆጥር፣ አያት የልጅ ልጇን ጣት ይዛ የሸክላ አንገት ስታስቀጥል አላየም።

ይህ ንግግር የሚያበቃው በልመና ነው። የምትጽፉ፣ ፊልም የምትሠሩ የጉለሌ ወጣቶች፣ በተለይም በቀጨኔ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ የዚህን ቤት ታሪክ ከውስጥ ጻፉት፤ አስቂኝም ይሁን አስፈሪ፣ ቅር የሚላችሁን ሰው አትፍሩ። ወላጆች ደግሞ ነገ ሽማግሌ ደጃችሁ ሲቆም ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ሥራው፣ ልጃችሁን ስለ መውደዱ ጠይቁ። አያቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን ከዛሬ ጀምሮ አትጠይቁ።